ከማንኪራ የታየው ደመና

ሬሳው ገና ሳይታይ የአረቄው ሽታ ደረሰባቸው። ኢንስፔክተር ዓባይነሽ መሀረቧን ወደ አፍንጫዋ አነሳችና መልሳ ኪሷ ከተተችው።

መምህር ሐዲስ ከማንኪራ መንደር በላይ ካለው ገላጣ ዐለት ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። በቦንጋ ከተማ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ጥር ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ቴሌስኮፑን ይዞ እዚህ ይወጣል፤ ከዋክብት የሚወለዱባቸውን የጋዝና የአቧራ ደመናዎች፣ ኔቡላ የሚባሉትን፣ ያያል፤ ፎቶ ያነሳል። ትናንት ማታም ለዚሁ ነበር የወጣው። ጠዋት ቀፎውን ሊያይ የመጣ ገበሬ ከዐለቱ ወድቆ ሞቶ አገኘው።

«ሰክሮ ነው» አለ ሳጅን ሰላሐዲን። «ዝንቡን አያዩትም?»

ዝንቡ የሟቹን ደረትና አንገት ሸፍኖታል። ዓባይነሽ በርከክ ብላ አፍንጫዋን ወደ ሟቹ አፍ አስጠጋች። ሳጅኑ ፊቱን አዞረ።

«አፉ አይሸትም» አለች። «ከንፈሩ ደርቋል። አረቄው ያለው ደረቱ ላይ ነው፤ ከዚያም በአንገቱ ዞሮ ወደ ማጅራቱ ፈሷል። ቆሞ የሚጠጣ ሰው ቢደፋበት ወደየት ይወርዳል?»

«ወደ ሆዱ።»

«ስለዚህ ሲደፋበት ተኝቶ ነበር።»

ከጎኑ ለጠርሙስ ውታፍ የተቆረጠ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወድቋል። ጠርሙስ ግን የለም፤ ስብርባሪም የለም። በሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከነክዳኗ የተቀመጠች አንዲት አጭር ጥቁር ቱቦ ተገኘች፤ ጫፏ ላይ መነጽር አላት። ቴሌስኮፑ ዐለቱ ላይ በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ታስሯል። ዓባይነሽ ምንም ሳትነካ ሁሉንም ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

የሟቹ ሚስት ወንጌላዊት ቤቷ በሰው ተሞልቶ እሷ ጓዳ ተቀምጣ ነበር። አላለቀሰችም። ወይም ለዛሬ አቁማለች።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አለች። «ነገ በቀብሩ ላይ ስለ እሱ የሚናገር ሰው ማቆም ይከብደናል አሉኝ። ሰክሮ ለሞተ ምን እንላለን፣ አሉኝ። ሐዲስ ጠጥቶ አያውቅም።»

«ከዐለቱ ማን ገፋው ብለሽ ትጠረጥሪያለሽ?»

«እሱን እርስዎ ይፈልጉ። እኔ የምፈልገው ስሙን ብቻ ነው። በዚህ ሽታ አይቀበርብኝ።»

ዓባይነሽ ተነሳች። በሩ ላይ የወንጌላዊት ወንድም ሳሙኤል ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ቆሟል። ሁለቱን ትናንት በሞተር ብስክሌቱ ወደ ዐለቱ ያወጣቸው እሱ ነው፤ ሐዲስንና የኮሌጁን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ተሾመችን።

«ከእህትህ ባል ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ያልተጣላሁበት ቀን ይቆጠር! እህቴን ብቻዋን ትቶ ጭስ ሊያይ ይወጣል። ጭስ ነው እኮ፣ ኢንስፔክተር። ትናንትም ‹ና እይ› አለኝ፤ አየሁ። የእርጥብ እንጨት ጭስ ይሻላል። እሱ ግን ‹ከዋክብት ሲወለዱ እያየህ ነው› ይለኛል፤ እኔ አዋላጅ ነኝ?» ሊስቅ አለና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «ደህና ሰው ነበር። አሁን ምን ዋጋ አለው።»

ተሾመችን በኮሌጁ ግቢ አገኘቻት።

«ጋሽ ሐዲስ መጀመሪያ ለእኛ ነው ያሳየን» አለች። «መስታወት ላይ ሲተነፍሱ የሚቀረውን ያውቃሉ? ልክ እንደሱ ነው። ከዚያ ዓይን የምናሳርፍበትን መነጽር ነቅሎ ኪሱ ከተተና ካሜራውን በቦታው አሰረ። እኔና ሳሙኤል ወረድን።»

«ከሳሙኤል ጋር ተለያያችሁ?»

«ሰፈሬ ድረስ አደረሰኝ። እዚያው እናቱ ቤት ቡና ጠራኝ፤ አብረን አመሸን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአገጯ ወደ ኮሌጁ በር አመለከተች። «ያንን አይተውታል?»

በሩ ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። ላዩ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ያለበት የሐዲስ ጉርድ ፎቶ፣ ከስሩ ደግሞ የኔቡላ ምስል፤ ቀይና ሐምራዊ ሆኖ እንደ እሳት የሚንቦገቦግ። በጥጉ «ፎቶ፦ ዶ/ር ተድላ» ይላል። ዶክተር ተድላ የኮሌጁ ምክትል ዲን ነው።

«ይህን የደመና ፎቶ ያነሳው ጋሽ ሐዲስ ነው» አለች ተሾመች። «ዶክተሩ አዲስ አበባ ወስዶ ተሸለመበት። ጋሽ ሐዲስ ቅዳሜ በኮሌጁ ኤግዚቢሽን ላይ ይህን በሰው ፊት ሊናገር ነበር። ለዶክተሩም ነግሮታል።»

ዓባይነሽ ባነሩን ዳግም አየችው። ቀለሙ ገና ይሸታል። ሬሳው ሳይቀበር ታዝዞ፣ ታትሞ፣ ተሰቅሏል።

ዶክተር ተድላ ቢሮው ውስጥ ዳቦ በማር እየበላ ነበር። ጣቱን ላሰና እጁን ዘረጋላት። ጨበጠችው።

«ምን ዓይነት ልጅ አጣን፣ ኢንስፔክተር! ማር ይቅመሱ፤ ከቢታ ገነት የመጣ ነው።»

«ይቅርብኝ። መኪናዎን ትናንት ምሽት በማንኪራ መንገድ ያዩ የመንደሩ ሰዎች አሉ።»

«አልደበቅሁም እኮ! ላበረታታው ነው የሄድኩት። ብቻውን ካሜራውን ሲያስተካክል አገኘሁት። በቴሌስኮፑ ተራ በተራ እያየን ስንት ተጫወትን!»

«ምን አዩ?»

«ያ ቀይ! ያ ሐምራዊ! የጽጌረዳ አበባ ይመስላል። በዓይንዎ ካላዩት አያምኑም። ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ አረቄ ይሸተኝ ነበር። ‹ሐዲስ፣ ተው› አልኩት። አልሰማኝም።» በተጣበቀ እጁ ዓይኑን ጠረገ። የጠረገው ዓይን ደረቅ ነበር።

ዓባይነሽ ከቢሮው ወጥታ የግቢው ቧንቧ ጋ እጇን ታጠበች። ከዚያ እንደገና ታጠበች።

ጀምበር እንደጠለቀች ሁሉንም ማንኪራ ዐለት ላይ ሰበሰበቻቸው። ከታች ከጫካው የጉሬዛ ድምፅ ይሰማል። ተሾመች ካሜራውን ፈታች፣ ከኪሱ የተገኘውን መነጽር በቦታው አስገባች፣ ቴሌስኮፑን ከምሥራቅ ወጥቶ ወደነበረው፣ ደመናው ወዳለበት የኦሪዮን የከዋክብት ስብስብ መለሰች። ባትሪ እንዳይበራ ታዘዘና ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቁ።

«ሳሙኤል፣ እይና ቀለሙን ንገረኝ።»

«ያው ግራጫ።»

«ዶክተር፣ እርስዎም።»

ተድላ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል ቆየ። «ዛሬ... ዛሬ ደመና አለ መሰለኝ። ወይም ዕቃው ተበላሽቷል።»

«ሰማዩ ጠርቷል፤ ዕቃውም ደህና ነው። ወንጌላዊት፣ ባልሽ ስለ ቀለሙ ምን ይልሽ ነበር?»

«‹ዓይን አይታገስም፣ ካሜራ ይታገሳል› ይለኝ ነበር» አለች ወንጌላዊት። «ካሜራው ብርሃኑን ረጅም ጊዜ ያጠራቅማል፣ ቀለሙ የሚወጣው ያኔ ነው ይለኛል። በዓይን ሁሌም ግራጫ ነው። እንግዳ ባመጣ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቅ ነበር።»

«ዶክተር ቀይና ሐምራዊ አዩ። ሰማዩን ሳይሆን ፎቶውን ነው ያዩት። የሰው ፎቶ በስምዎ ሰቅለው፣ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብለው በዚህ ነገር አላዩም።»

«ይህ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ውሸት ነው። ሁለተኛውን ልንገርዎት። እርስዎ ሲደርሱ ሐዲስ ካሜራውን አስሮ ነበር፤ ይህን የነገሩኝ ራስዎ ነዎት። ካሜራው የሚታሰረው በመነጽሩ ቦታ ነው። መነጽሩ በሟቹ ኪስ ከነክዳኑ ተገኝቷል። ተራ በተራ ያያችሁት በምን በኩል ነው?»

ተድላ ከቴሌስኮፑ ራቅ አለ።

«ለምን ዋሹ? መኪናዎ ታይቷል፤ ስለዚህ ሰላማዊ ጉብኝት ያስፈልግዎት ነበር። ሐዲስም ሰካራም መሆን ነበረበት። ግን አፉ ደርቋል፤ አረቄው የተደፋው ከወደቀ በኋላ፣ ተንጋሎ ሳለ ነው። ውታፉ ቀርቷል። ጠርሙስ ደግሞ እግር የለውም።»

ሰላሐዲን ከመንገዱ በኩል ወጣ። በጓንት የያዘው ጠርሙስ ውስጥ ትንሽ አረቄ ይንቦጫረቃል።

«ከመኪናው ወንበር ስር» አለ። «የፍርድ ቤቱን የብርበራ ፈቃድ ይዤ ነው የፈተሽኩት። ቆረቆንዳው ልክክ ይላል።»

«ለዕርቅ ነበር ያመጣሁለት!» ተድላ ድንገት ጮኸ። «ለዕርቅ! አልጠጣም አለኝ። ቅዳሜ እናገራለሁ አለኝ። አንዴ ነው የገፋሁት። ሰው ይህን ያህል ግትር ይሆናል? እንደማይጠጣ እኔ በምን ልወቅ?»

«ስድስት ዓመት አብሮህ ሠርቷል» አለች ወንጌላዊት።

ሳሙኤል ወደ እሱ ሊሄድ ሲል ሳጅኑ ያዘው። ተድላ አንድ እርምጃ ወደ ሴቶቹ ተጠጋ፤ እጁን ለይቅርታ ዘረጋ። ተሾመች ትል እንዳየ ሰው ሸሸችው። ዓባይነሽ እጁን ተቀበለችና ካቴናውን አስገባችበት።

ወደ መኪናው ሲወስዱት ወንጌላዊት በቴሌስኮፑ አየች። ቀና ስትል «አዎ፣ ግራጫ ነው» አለች፤ የመነጽሩን ጫፍ በነጠላዋ ጠረገችው።

በማግስቱ በቀብሩ ላይ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ማን እንደሚናገር አልተስማሙም ነበር። ዓባይነሽ የደንብ ልብሷን ለብሳ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ንግግር አላዘጋጀችም።

«እኔ ፖሊስ ነኝ» አለች። «ይህን ሰው ከሁላችሁም በፊት ጎንበስ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። አፉ ደረቅ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጎን ቆመችና ለሽማግሌዎቹ ቦታውን ለቀቀች።