ስምንት ስፌት

«ስምንት ነው?»

አብዱልናስር የማሽላውን ጆንያ አፍ በጣቱ እየዳበሰ ጠየቀ።

«ስምንት።»

«በማን ሰዓት?»

እንግዳው ከመርፌው ቀና አላለም። እንግዳው እናቱ ያወጣችለት ስም ነው፤ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ እህል ገበያ ውስጥ ጋረደው የሚባል ጆንያ ሰፊ ነው። ጎንደር ያለው የስለላ ቢሮ ግን «ወስፌ» ይለዋል።

«በሀገራችን» አለ።

ሆን ብሎ ዋሸ።

አብዱልናስር፣ በስለላ ስሙ «ጎማ»፣ ጆንያውን ሎሪው ላይ ጭኖ ወደ መተማ ነዳ። ስፌቱን ቆጥረው ሰዓቱን የሚያነቡት ድንበር ላይ ያሉት ወታደሮች ናቸው።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ረሀቡ ሰዉን ወደ ሱዳን እየነዳው ነው። ያን ሁሉ በረሃ መጠበቅ አልተቻለም። የቢሮው አለቃ ግን ብልሃት አላጣም። «ድንበር በዘብ አይዘጋም። ውሃውን ያዝ፤ ሰዉ ራሱ እጅህ ይገባል» ይል ነበር። ውሃው ይታወቃል፤ ከሦስቱ የሮቃ ዛፎች ሥር ያለች ኩሬ ናት። ወታደር እዚያ ውሎ ቢጠብቅ ሰዉን የምታሻግረው መንገድ መሪ ከኮረብታው ታየዋለች። የጎደለው ሰዓቱ ብቻ ነበር። እንግዳው ሰዓቱን ካላመጣ ሚስቱ ያለምወርቅ ከእስር አትወጣም።

መንገድ መሪዋ ባሕሪያ ናት። የመተማ ልጅ ስትሆን ገበያው ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። «ሚስቴ ብትመጣ ውሃዋ ጋ መቼ ልጠብቃት?» ብሎ ሲጠይቃት አላመነታችም።

«ኸሚስ፣ ሳዓ ተማንያ» አለችው በዓረብኛ። ሐሙስ፣ ስምንት ሰዓት ማለቷ ነው። «አይዞህ ጋርዴ። ውሃዋን ካገኘች ተረፈች በል።»

አፈረ።

መላው የመጣለት ያኔ ነው። ሱዳን ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ የሱዳን ስምንት ሰዓት በሀገር ቤት የጧት ሁለት ነው። ወታደሮቹ በሀገር ቤቱ ስምንት፣ ከቀትር በኋላ ቢደርሱ፣ ሰዉ ጠጥቶ ከሄደ ስድስት ሰዓት ይሆነዋል። ትኩስ ዱካ ያገኛሉ። ወስፌ ተሳሳተ እንጂ ዋሸ አይሉትም። ያለምወርቅም ትፈታለች፣ ባሕሪያም ትተርፋለች።

ሐሙስን ሲያፏጭ ዋለ።

ቅዳሜ ረፋድ ሎሪው ተመለሰ። የባሕሪያ ማንደጃ እንደቀዘቀዘ ነበር።

አብዱልናስር ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። እየሳቀ ነበር።

«አንተ ሰው! ደቂቃ አላዛነፍክም።»

መርፌው ቆመ።

«ምኑን?»

«በስምንት አልክ፣ ስደተኞቹ በስምንት መጡ። በዚያ ጠራራ! መንገድ መሪዋ ወታደር በሐሩር ከጥላው አይወጣም ብላ ነው ለካ። ሠላሳ አንድ ነፍስ። ለመሮጥም አቅም የላቸው፤ ውሃው ላይ እንደተደፉ ተያዙ።»

«ባሕሪያስ?»

አብዱልናስር ሳቁን ዋጠ።

«እሷ ሮጠች። እዚያው ቀበሯት።»

አፏ ዓረብኛ ነበር። ሰዓቷ ግን የመተማ።

እንግዳው ይህን አላሰበም። በዓረብኛ ስለነገረችው በሱዳን ሰዓት ቆጠረላት። ሊያድናት የዋሸው ውሸት እውነት ሆኖ ገደላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። መጮህ አማረው፤ ግን ጆንያ ሰፊ በገበያ መሐል ለሻይ ሻጭ አያለቅስም።

«ያለምወርቅስ?» አለ በመጨረሻ።

«ተፈትታለች። አንተ ግን አትመለስም። በከሰላ በኩል ሌላ ውሃ አለ ተብሏል።»

«እንቢ ብልስ?»

«የፈታ እጅ ማሰር ያቅተዋል?»

ሰኞ ጧት ወደ ከሰላ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈረ። አሁን ቢሮው የሰጠው ስም ታምሬ ነው። መርፌውን ኪሱ ውስጥ ይዟል። ከጎኑ የተቀመጡ የጎንደር አሮጊት የእጅ ሰዓቱን አይተው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«በማን ሰዓት፣ እናቴ?»

አሮጊቷ ገርሟቸው ዞረው አዩት።

«በሀገሬ ነዋ! ሰው ሲሰደድ ሰዓቱንም ጥሎ ይመጣል እንዴ?»

ታምሬ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር፤ እንባውን ማንም ልብ አላለውም።