የበሩ ዝግባ ቀለበት

በአርዳሞን ከተማ፣ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ፣ ግንዱ በጥፍር የተጫረ አንድ ዝግባ ቆሟል። ስለዚህ ዛፍ ሁለት የማይስማሙ ወሬዎች አሉ። የዛፍ ተካዮች ልጆች፣ «አገሪቱ ከቀይ አቧራ የዳነችበትን የመጀመሪያውን ቀለበት የሰጠው የእኛው ሰናፍር ነው» ይላሉ። የጠያቂዎች ልጆች ደግሞ፣ «የለም፣ ከእኛ ወገን የሆነ አንድ ወጣት ነው፤ ጭረቱም የእሱ ጥፍር ነው» ብለው ይከራከራሉ። «እሺ፣ ስሙ ማን ነበር?» ሲባሉ ግን አያውቁትም። ተካዮቹም፣ «ስም የሌለው ጀግና የት አገር ታይቷል!» እያሉ ይስቁባቸዋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት በቅን ልብ ነው። እኛ ወጣቱን ቀጸላ እንበለው።

በዚያ ዘመን አርዳሞን በቀይ አቧራ ባሕር ተከብባ፣ በዛፎቿ ጥላ ሥር የምትኖር ከተማ ነበረች። ሕያው ዛፍ ባለበት መንገድ አቧራው አይደፍርም፤ ዛፉ በደረቀበት ግን እያገሳ ይገባና ቤቱን ከነሰዉ ይውጣል። ስለዚህ ዛፍ የሚተክል ሰው እንደ ጦር ጀግና ይከበር ነበር። በችግኙ ግንድ ዙሪያ የተካዩ ስም የተቀረጸበት የናስ ቀለበት ይታሰራል። ቀለበቱ የሚዘጋው በመሐላ ነውና የሰው ብረት አይቆርጠውም።

ጠያቂዎች የሚባሉት ደግሞ፣ ሰው በሽተኛ እንደሚጠይቅ፣ የተተከለውን እየዞሩ የሚጎበኙ ናቸው። ቅርፊቱን በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጫር ያደርጋሉ። ከሥሩ አረንጓዴ ካዩ «ጸድቋል» ይላሉ፤ ቡናማ ካዩ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። ለእነሱ ቀለበት አይሠራላቸውም።

ቀጸላ ጠያቂ ነበር። አብሮ አደጉ ሰናፍር ግን ገና በወጣትነቱ በየአደባባዩ ስሙ በናስ የሚያበራ ተካይ ሆነ። ቀጸላ በየማለዳው የሰናፍርን ዛፎች የመጠየቅ ግዴታ ነበረበት። ከቀለበቱ በላይ ይጭራል፤ ከቀለበቱ በታች ይጭራል፤ ቀለበቱን ግን አያይም። ፀሐይ የሰናፍርን ስም ስታበራው ልቡ እንደ እሳት ይለበልበዋል፤ ፊቱንም ያዞራል።

ከዕለታት አንድ ቀን የአደባባዩ ታላቅ ወይራ ያለ ወቅቱ ቅጠሉን አራገፈ። ከዚያ ዛፍ በዛፍ ላይ ይደርቅ ጀመር። ቀዩ አቧራም የምሥራቁን ሰፈር ዋጠ። ሕዝቡ ሁሉ፣ «ከበረሃው ሥር የሚኖረው አውሬ፣ ሙርጋድ፣ የዛፎቹን ሥር እየጠጣ ነው» አለ።

ንግሥት ዘርሚት በሰገነታቸው ላይ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «በአባቶቼ ዙፋን እምላለሁ! የዛፎቻችንን መድኃኒት ይዞ ለሚመለስ፣ ለማንም ያልሰጠሁትን የቤተ መንግሥቴን በር ዝግባ እሰጠዋለሁ። ስሙ በናስ ይታሰርበታል!»

ሰናፍር ጦሩን ነቅንቆ ወጣ። ወዲያው ቀጸላም ወጣ። ከሕዝቡ መካከል አንዱ፣ «ጥፍሩን ይዞ ሊዋጋ ነው!» ብሎ አሳቀ። መንገዱን የሚያውቁት ቀጸላን ያሳደጉት አክስቱ፣ ግመል ነጂዋ እትዬ ሙዳይ ስለነበሩ፣ እሳቸው መሩ።

በበረሃው መካከል ሰናፍር የውሃ ቅሉን ዘረጋ። «እንካ፣ ጠጣ።»

«ጠጥተህ ስትጠግብ ነው የታወስኩህ?»

«ኧረ ገና አልነካሁትም!»

«እንዲያውም አልጠማኝም።»

እትዬ ሙዳይ ከግመላቸው ላይ ዘወር አሉ። «ወይ የእኔ ነገር! ሁለት ጣውንት ይዤ ነው እንዴ በረሃ የገባሁት? አንተ ልጅ፣ ውሃው ላይ ስሙ አልተጻፈበትም። ጠጣ!»

ቀጸላ ጠጣ። ውሃውም መረረው።

ሙርጋድ ጀርባው የአለት ክምር፣ ዓይኑ የከሰል ፍም ነበር። ከዋሻው ሲወጣ ምድር ተናወጠች። ሰናፍር ወደ ፊት ተወርውሮ የብረት ጋሻውን በአውሬው መንጋጋ መካከል ወተፈ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው ተተለተለ፤ ጋሻውን ግን አልለቀቀም። ቀጸላም የሰናፍርን ጦር አንስቶ ከሥር ሾለከና ጫፉን በአውሬው ጉሮሮ ላይ አሳረፈ።

«የእኔን አንገት ከመውጋትህ በፊት የእነሱን አንገት እይ» አለ ሙርጋድ፣ ከደረቱ በሚወጣ ድምፅ።

ቀጸላ ዘወር አለ። ዋሻው ከአርዳሞን እየተጎተቱ በመጡ ደረቅ ግንዶች ተሞልቷል። እያንዳንዱ ግንድ ወገቡ ላይ ተሰርስሮ፣ ቅርፊቱ ያበጠ፣ ናሱ ሥጋው ውስጥ የሰመጠ ነበር።

«እኔ የምበላው የሞተውን ነው» አለ አውሬው። «ሕያው ዛፍ ጥርሴን ያመኛል። አንቃችሁ የላካችሁልኝ እናንተ ናችሁ።»

ሰናፍር በአንዱ ግንድ ላይ የራሱን ስም አነበበና ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። «ዛፍ እንደሚወፍር እንዴት አላሰብንም?» አለ። ከዚያም ቀና አለ። «አንተስ፣ ቀጸላ? በየማለዳው ስትጠይቃቸው እንዴት አላየህም?»

ቀጸላ መልሱን ያውቀው ነበር። ቀለበቱን ላለማየት ፊቱን ያዞር ነበር።

ሙርጋድ በሕይወቱ ፈንታ አንድ ጥርሱን ሰጣቸው። «ይህ መሐላ የዘጋውን ሁሉ ይቆርጣል። የመጀመሪያውን ቀለበት ግን ባለቤቱ ወዶ በአፉ ካልሰጠው ጥርሱ ይሰበራል። ያ ሰጪ ስሙ ከሰው ልብ ሁሉ ይጠፋል፤ እናቱ እንኳ አታውቀውም። ከእሱ በኋላ ያሉት ቀለበቶች ዋጋ አያስከፍሉም።»

ሲመለሱ ሰናፍር በቆሰለ ክንዱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ እያጠበቀ፣ «አንተ ቀለበት የለህም» አለ። «ስለዚህ ሰጪው እኔ ነኝ ማለት ነው።»

የቀጸላ ልብ በደስታ ዘለለ። የሰናፍር ስም የሌለበት ዓለም! ይህን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲመኘው ኖሯል። ብዙም ሳይቆይ ግን ደስታው ሻገተበት። አገሩን የሚያድነው ያው ሰናፍር ነው። ሲያጣ እንኳ ከእኔ ይበልጣል፣ አለ በልቡ።

ከተማዋ በከበሮ ተቀበለቻቸው። ንግሥቲቱ ጥርሱን በቀጸላ እጅ አይተው፣ «ማን አሸነፈ?» ሲሉ ሰናፍር ሳያመነታ፣ «ጦሩን ከጉሮሮው ያደረሰው እሱ ነው» አለ። ንግሥቲቱም ቀሪውን ሳይሰሙ መሐላቸውን ፈጸሙ። በዝግባው ዙሪያ አዲስ ናስ ተዘጋ፤ በላዩም «ቀጸላ» የሚል ስም አበራ።

እትዬ ሙዳይ እልል አሉ። «የወንድሜ ልጅ! ቀጸላዬ! ዛሬ የሳቀብህ ሁሉ ይረር!»

ከዚያ ሰናፍር ለሕዝቡ ሁሉንም ተናገረ። የቀለበቶቹን ነገር፣ የጥርሱን ሕግ፣ የስሙን ዋጋ ሲሰሙ ከበሮው ቆመ። ተካዮች አንድ በአንድ መሬት መሬት አዩ። ከከተማው ዳር የቀዩ አቧራ ጩኸት ይሰማል። የሰናፍር እናት በሰዎች መካከል ተሹለክልከው መጡና የቆሰለ ክንዱን ያዙ። «ልጄ፣ ምን አደረጉህ? እህል ቀምሰሃል?»

ሰናፍር ጥርሱን ከቀጸላ እጅ ወሰደ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። «እኔ…» አለና ወደ እናቱ አየ።

ቀጸላ ወደ ዝግባው ቀረበ። እጁ እንደለመደው ከቀለበቱ በታች ጫር አደረገ፤ አረንጓዴ ነበር። በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም፤ ናሱን ትኩር ብሎ አየው። በናሱና በቅርፊቱ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ከጥቂት ክረምት በኋላ አይኖርም። ስሙን እንደገና አነበበው፤ እስኪጨልም ቢያነበው ደስ ባለው ነበር። ቀና ሲል እትዬ ሙዳይ አሁንም በኩራት ሲያዩት አየ።

ተመልሶ ጥርሱን ከሰናፍር መዳፍ መነጠቀው።

«ተው፣ ቀጸላ» አለ ሰናፍር በሹክሹክታ። «ይህ የእኔ ዕዳ ነው።»

«ሁሉ ነገር ያንተ መሆን የለበትም!» አለው ቀጸላ። ቅናቱ በዚያች ሰዓት እንኳ አልተለየውም ነበር። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጥርሱን ከፍ አደረገ፤ ድምፁም ከአቧራው ጩኸት በላይ ተሰማ፦

«የአርዳሞን ሰዎች ስሙኝ! በዚህ ዝግባ ላይ ያለው ቀለበት የእኔ ነው፤ ስሙም የእኔ ነው። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ወድጄ በአፌ ሰጥቻለሁ። ከእኔ ጀምሩ!»