ጀርባ የሌለው ቤት

«ድግሱ ነገ አይደለም እንዴ?» አሉ ባላምባራስ ኃይለየሱስ፣ አንድ እጃቸውን ከአዲሱ እጀ ጠባብ እጅጌ ውስጥ እንዳስገቡ።

«አቶ ንዋይ ቤት ቶሎ ይድረሱ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ ወታደራቸው ሰንበታ እያለከለከ።

«መልካም። በጉን ፍታና ንዳው፤ ለቤት ምርቃት ባዶ እጄን አልሄድም።»

«በጉ ይቅር ጌታዬ።»

«ምነው? ሌላ ሰው ቀደመኝ?»

«አቶ ንዋይ ሞተዋል። ኖራ ጉድጓድ ውስጥ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ።»

ባላምባራስ እጅጌውን አወለቁና የዘወትር ልብሳቸውን አነሡ። የአዳማ ዳኛ ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው አርጅቷል፤ ዓይናቸው ግን አላረጀም።

ስለ ቤቱ ያልሰማ ሰው በከተማው አልነበረም። አቶ ንዋይ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ሲሆኑ፣ አንድ ፈረንጅ ጥሎት ከሄደው ጋዜጣ ላይ የቤት ሥዕል ቀደው በኪሳቸው ይዘው ይዞሩ ነበር። «ይህን ነው የምሠራው» ይሉናል፤ እኛም አይተን እናደንቃለን። ሰፊ በረንዳ፣ ባለ ሦስት ደረጃ መውጫ፣ ረጃጅም መስኮቶች፣ የቆርቆሮ ክዳን። ሥዕሉ ቀለም አልነበረውም፤ በጋዜጣ ቀለም የታተመ ግራጫ ነው። አቶ ንዋይ ግን የፈረንጅ ቤት ግራጫ ነው ብለው አመኑ። ከድሬዳዋ በባቡር የመጣውን ነጭ ኖራ በአመድ እያስበረዙ፣ ለሳኙን ፉፋን ሦስት ጊዜ አስፋቁት። እኛ ጎረቤቶቻቸው ገና ሳይገባበት ያረጀ ቤት እያልን ሳቅን። ዛሬ ያ ሳቅ ይቆጨናል።

ባላምባራስ ሲደርሱ ሬሳው ወጥቶ ሰሌን ላይ ተጋድሟል። ጉድጓዱ ከአዲሱ ቤት ኋላ፣ በቤቱና በአሮጌው የሣር ጎጆ መካከል ነው። ፉፋ ማታ ውሃ ጨምሮበት የሄደው ኖራ እስካሁን ይንተከተካል። የሟች ታናሽ ወንድም ሐዲስ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ የፉፋን አንገት አንቋል።

«ገዳዩ ይኸውልዎ! ትናንት በቀለም ተጣልተዋል፤ አገር ሰምቷል። የወንድሜን ደም እጠይቃለሁ!»

ፉፋ አልታገለም። «አካም ቡልተኒ ጌታዬ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ጎህ ሲቀድ ስመጣ ሞተው አገኘኋቸው። ጮኽኩ።»

የዚያ ዘመን ሕግ እንዲህ ነው፤ በነፍስ የተከሰሰ ሰው ከተፈረደበት ለሟች ወገን ይሰጣል፣ ወገንም ወይ ይምራል ወይ ይገድላል። ፉፋ የአራት ልጆች አባት ነው፤ ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ አልነበረውም።

«በቁራኛ እሰራቸው» አሉ ባላምባራስ። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርዱ እስኪለይ በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ። ሰንበታ ሰንሰለቱን ይዞ ቀረበ።

«ቀኝህን አምጣ» አለው ሐዲስን።

«ግራዬን እሰር። በቀኜ አማትብበታለሁ።»

«እሰርለት» አሉ ባላምባራስ።

ከዚያ ፉፋን ጠጋ ብለው ክንዱን በጣታቸው ነኩ። ጣታቸውን አሸተቱ።

«ቅቤ ነው?»

«አዎ ጌታዬ። ከቤቴ ሳልወጣ እስከ ክርኔ እለቀለቃለሁ። ኖራ ያለ ቅቤ ከነኩት ሥጋ ይበላል።»

«ከነካህስ፣ በውሃ አትታጠብም?»

ፉፋ በሐዘኑ መካከል ፈገግ አለ። «ውሃ ያስቆጣዋል እንጂ። ትኩስ ኖራ የነካው ሰው መጀመሪያ በቅባት ነው የሚጠርገው። ይህን የማያውቅ ለሳኝ የለም።»

ባላምባራስ የሟችን ነጭ ኮት ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ገለባብጠው አዩ። ሥዕሉን ከደረት ኪስ አወጡና ዙሪያውን ለመመልከት ተነሡ። ከፊት ሲታይ ቤቱ ሙሽራ ይመስላል። ከኋላ ግን ጭቃው እንኳን አልተለሰነም፤ እንጨቱ እንደ ጎድን አጥንት ወጥቷል፣ በርም መስኮትም የለው።

«የኋላ በሩ የት ነው?» አሉ የሟችን ሚስት ወይዘሮ ዘመናይን።

«የለም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ስንት ጊዜ ለመንኩት። ሥዕሉ ላይ የሌለ በር አላበጅም አለኝ። ውሃ ለመድፋት እንኳን በበረንዳው ወጥቼ ነው የምዞረው።»

«ጠዋት እርስዎ ወጥተው ነበር?»

«እሱ ወጣ። እኔ ጩኸቱን ስሰማ ነው የነቃሁት።»

ከበረንዳው ፊት ለፊት ከሪማ ለባቡር ሠራተኞች ሻይ ትሸጣለች። በረንዳው ጓዳዬን ያሳያል ብላ ስትራገም የከረመች ሴት ናት።

«ረግመሽዋል አሉ» አሏት ባላምባራስ።

«ቤቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም! ገና ሳይነጋ ጀምሮ ስምንት ሠራተኛ አጠጥቻለሁ፤ ጠይቋቸው። በበረንዳው የወጣ እሳቸው ብቻ ናቸው። ፉፋም ዘግይቶ ነው የመጣው፤ በፊቴ አልፎ ዞረ፣ ወዲያው ጩኸቱን ሰማሁ። ብርጭቆ ለማጠብ እንኳን ጊዜ አልነበረም።»

ባላምባራስ በመጨረሻ ወደ ጎጆው ሄዱ። የሟችና የሐዲስ እናት እማማ ጥሩነሽ፣ ከሐዲስ ጋር በሚኖሩበት በዚሁ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። አጎዛቸውና ሣጥናቸው ውጭ ተከምሯል፤ አጠገቡ የውሃ እንስራ አለ፤ የጎጆው ምሰሶ ላይ ጠፍር ታስሮ ጫፉ መሬት ላይ ተጥሏል።

«ዕቃው ለምን ወጣ እማማ?»

«ንዋይ ለድግሱ ቦታ ያስፈልጋል አለ።»

«እንስራውስ? ውሃው መቼ ተቀዳ?»

«ትናንት ማታ።»

ባላምባራስ ጎንበስ ብለው አዩ። ውሃው ነጭ ሆኗል፤ ከሥሩ ኖራ ዘቅጧል። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

ከሰዓት በኋላ አውጫጭኝ ተጠራ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በረንዳው ፊት በሜዳው ተቀመጠ፤ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ማንም አይነሣም። ፀሐዩ ያነዳል። ባላምባራስ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ጀመሩ።

«ሁላችሁም ፉፋ ነው ብላችኋል። ፉፋ ዛሬ ጠዋት ክንዱ በቅቤ ርሶ ነበር። አንቆ ቢገፋቸው ኮቱ ቅቤ ይጠጣ ነበር። ኮቱ ላይ ከኖራ በቀር አንዲት የቅባት ጠብታ የለም። ደግሞ ከሪማ እንዳለችው፣ እሱ በመድረሱና በመጮኹ መካከል ሰው የሚገደልበት ጊዜ አልነበረም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ አንዱ።

«ቤቱ ራሱ ይንገረን። ሥዕሉ የፊቱን እንጂ የኋላውን አያሳይም፤ ስለዚህ አቶ ንዋይ ለቤታቸው ጀርባ አልሠሩለትም። ከውስጥ ወደ ጉድጓዱ መሄጃው በበረንዳው፣ በከሪማ ዓይን ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ዘመናይ አይደሉም። ከሪማም ከስምንት ሰው መካከል አልተነሣችም። የቀረው ከጎጆው በኩል የመጣ ሰው ነው።»

ሰንሰለቱ ተንኳኳ።

«ያ ሰው ኖራ ነካው፤ እንስራው ውስጥ እጁን ነክሮ ታጠበ። ለሳኝ ይህን አያደርግም። ውሃው ደግሞ ቃጠሎውን አባሰበት። እስር ሲመጣ ቀኝ እጁን ደበቀ፤ በዚህ ሙቀት ጋቢ ተከናነበ። ሐዘንተኛ ነውና ማንም ምነው አላለውም። ሐዲስ፣ እስቲ አማትብ።»

ሐዲስ አልተንቀሳቀሰም። ጋቢውን የገለጠለት የተቆራኘው ፉፋ ነበር፤ በቀስታ፣ እንደ ሕመምተኛ። ክንዱ እስከ ክርኑ ተልጦ አብጧል።

«ጎጆውን በበሬ ስበን እንጥለው አለኝ» አለ ሐዲስ፣ ማንንም ሳያይ። «ነገ እንግዳ ሳይመጣ። ፈረንጁ ከቤቱ ኋላ ጎጆ የለውም አለኝ። አባታችን የሞተበት ነው አልኩት። ሥዕሉን አወጣና አሳይቶኝ መልሶ ኪሱ ከተተው። ገፋሁት። ሲወድቅ እጄን ሰደድኩለት፤ ኮቱን ይዤ ነበር... አዳለጠኝ።»

«ሰው ለምን አልጠራህም?»

«ልጠራ ነበር። ፉፋ ቀድሞ ጮኸ።»

ፉፋ ይህን ሲሰማ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሰንበታ ሰንሰለቱን ከእጁ ሲፈታለትም ከተቀመጠበት አልተነሣም። የሰፈሩ ሰው እሱን ላለማየት በረንዳውን ያይ ጀመር፤ ለመቅጠር የሚጠራውም ከእንግዲህ እንደማይኖር አውቀነው ነበር፤ የገዳይ ስም አንዴ ተጠርቶበታልና።

ባላምባራስ ወደ እማማ ጥሩነሽ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ወይዘሮ ዘመናይ ፍርዱን ለእርስዎ ትተዋል። ከሳሹም ተከሳሽ ሆኗል። የሟች ወገን እርስዎ ብቻ ነዎት እማማ። ይሙት ይላሉ፣ ወይስ ይማር?»

ሐዲስ እናቱን አላያትም። ከጣቢያው በኩል ባቡሩ ጮኸ።

«ይማር፤ ሌላ ልጅ የለኝም። እርስዎ ልጆች አሉዎት?» አሉ አሮጊቷ በመጨረሻ።

«ሁለት ወንዶች አሉኝ።»

«እንግዲያስ ቤት አይሥሩ።»