የቡሬ የኋላ ግራ ጡት

አቶ አበጋዝ በጫኖ መንደር ባለው የወተት ላም እርባታቸው፣ ጋጣው ውስጥ፣ እበት በሚፈስበት ቦይ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ኢንስፔክተር ሄራን ከአርባ ምንጭ ስትደርስ ሬሳው አልተነሣም ነበር። አረንጓዴው ፈሳሽ ጢማቸው ውስጥ ገብቷል፤ ዝንብ ጆሯቸው ላይ ይርመሰመሳል። ሄራን ብዙ ሬሳ አይታለች። የዚህኛው ሽታ ግን ጉሮሮዋ ላይ ተለጠፈባት።

«ላሟ ናት የገደለቻቸው» አላት ልዑልሰገድ፤ የእርባታው ሥራ አስኪያጅና የሟች ሚስት ወንድም። «ቡሬ የምትባለው። የኋላ ግራ ጡቷ ከታመመ ሰነበተ፤ ሲነኳት ትራገጣለች። ጋሼ ዛሬ በማለዳ ራሳቸው ሊያልቡ ገቡ፣ ጭንቅላታቸውን በእርግጫ አለቻቸው።»

ሄራን ቡሬን አየቻት፤ ረጋ ብላ ታመነዥካለች። ግቷ በውሃ ታጥቧል። የኋላ ግራው ጡት ጫፍ ላይ ብቻ እበት ተለጥፏል።

የእንስሳት ሐኪሙ ጌዲዮን ተጠርቶ መጣ። ከአራቱም ጡቶች ሳህን ላይ ጥቂት ጥቂት አልቦ መመርመሪያ ፈሳሹን ጨመረበትና ሳህኑን አወዛወዘ። ወተቱ እንደ ውሃ ተንቀሳቀሰ። ቡሬ እግሯን እንኳ አላነሣችም።

«አራቱም ጤነኛ ናቸው» አለ። «የታመመ ቢኖር ወተቱ እንደ ንፍጥ ይጓተት ነበር።»

«እስከ ማታ እዚሁ ቆይልኝ» አለችው ሄራን።

አላቢው ዳና ግቢው ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ትናንት ከአቶ አበጋዝ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«በእኔ ላይ አይደለም የጮኹት። የታመሙት ላሞች ወተት ለምን አልተደፋም ብለው ነው። እኔ ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ አላውቅም።»

«ቡሬስ?»

«ቡሬ ምን ሆነች? ትናንት ማታ አልቤያታለሁ፣ ደህና ናት።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ ሻሺቱም ግራ ገባት። «ማነው ታማለች ያለው? ትናንት ቤታችን የተጠጣው የእሷ ወተት ነው።»

ሄራን ወደ ወተት ክፍሉ ገባች። ለትምህርት ቤት ልጆች ቁርስ ወተት የሚላክበት ትልቅ ጀሪካን ጥግ ላይ ቆሟል፤ አጠገቡ ማጥለያ ጨርቅ ተሰጥቷል። ጨርቁን ገለጠችው። ቢጫ ጓል ተጣብቆበታል፤ በመሃሉ የደም ክር አለ፤ የበሰበሰ ቁስል ይሸታል። ሮጣ ወጣችና ግቢው ውስጥ ካለ ሙዝ ተክል ሥር አስመለሳት። ፖሊሶቹ በዚያው ሰዓት ከእበት ጉድጓዱ ደም የነካው ብረትና እበት የሞላው ሲሪንጅ አወጡ።

ከሰዓት በኋላ ቡሬ ማመንዠኳን ተወች። የኋላ ግራ ጡቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሄራን ሁሉንም ጋጣው ውስጥ ሰበሰበች። ጌዲዮን ጡቱን ሲያልበው ቡሬ ተራገጠች፤ ወተት ሳይሆን ብጥስጣሽ ያለበት ቢጫ ውሃ ወጣ።

«ንገራቸው» አለችው ሄራን።

«የግት ውስጠኛ ግድግዳ ሴሎች ዘብ ናቸው» አለ ጌዲዮን። «ባክቴሪያ ሲገባ ከውጭ ሽፋኑ ይለዩትና ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ። የተጠሩትም ይጎርፋሉ፣ ጠላታቸውን ይውጣሉ፣ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። ትኩሳቱ፣ እብጠቱ፣ ይኼ መግል፣ ሁሉም የዚያ ውጊያ ነው። ግን ሰዓታት ይፈጃል። ጠዋት ስመረምራት ውጊያው ገና አልተጀመረም ነበር።»

ሄራን ወደ ልዑልሰገድ ዞረች።

«ስለዚህ እበቱ ጡቷ ውስጥ የገባው ዛሬ በማለዳ ነው። ዳና ደህና ናት አለ። ወይዘሮ ሻሺቱ ወተቷን ጠጥተዋል። ታማለች ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ጡቱንም ለይተው ነገሩኝ። አራቱም እኩል ጤነኛ ሳሉ የትኛው እንደሚታመም የሚያውቀው በሲሪንጅ የበከለው ሰው ነው። ግቷ ራሱ ያላወቀውን በሽታ እርስዎ እንዴት አወቁ?»

«ጫፉ ላይ ቆሻሻ አይቼ…»

«ከታመመ ሰነበተ ነው ያሉኝ!» ማጥለያውን እግሩ ሥር ወረወረችው። «አቶ አበጋዝ ይደፋ ያሉትን እርስዎ እያጠለሉ ለሕፃናት ይልኩ ነበር። ዛሬ በማለዳ እሳቸው የገቡት ሊያልቡ አልነበረም። ሲያጠልሉ ሊይዙዎት ነው።»

ልዑልሰገድ ጨርቁን በእግሩ ገፋው። «በልጆቹ ወላጆች ፊት አጋልጥሃለሁ አለኝ» አለ። «ለምኜው ነበር። ጀርባውን ሰጠኝ።»

ሻሺቱ አላለቀሰችም። «ልጄ እዚያ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው» አለች። «ሉሊት ከዚህ ጠጥታለች?»

ልዑልሰገድ ቀና አለ፤ ፊቱ እንደ መብራት ቦግ ብሎ ነበር። «ሉሊት? በጭራሽ! ወተት አይስማማትም ብዬ ለአስተማሪዋ ነግሬያለሁ። እኔ እኮ አጎቷ ነኝ!»

ሊያጽናናት እጇን ያዘ። ሻሺቱ መንጭቃ አስለቀቀችና፣ የነካትን እጇን እበት በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ደጋግማ ጠረገችው።