መሪዋ በቀኝ የሆነችው ጃጓር

«ክፍት ነው?» አሉ አባባ ወንድሙ።

«ይቆዩ አባባ፣ አይሱዙ እየመጣ ነው።» ፌቨን በግራው መስኮት አንገቷን አስግጋ መንገዱን አየች። አይሱዙው አቧራውን እያቦነነ አለፈ። «አሁን ይለፉ።»

አባባ ነዳጅ ሰጡ። ጥቁር አረንጓዴዋ ጃጓር ገለባ የጫነውን መኪና አልፋ ወደ መስመሯ ገባች።

ጃጓሯ የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ መሪዋ በስተቀኝ ነው። አገሩ ሁሉ በግራ በኩል ይነዳ በነበረበት ዘመን የመጣች ናት። በኋላ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲዞር፣ እሷ ምን ታድርግ፣ መሪዋ እዚያው ቀረ። ስለዚህ የሚነዳት ሰው ከፊቱ ያለውን መኪና ለማለፍ ሲፈልግ፣ ከግራው የተቀመጠ ሰው አይቶ ሊነግረው ይገባል። ድሮ ይህ የአባባ ሚስት ሥራ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ለልጅ ልጃቸው ለፌቨን ደረሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸዋሮቢት ወጥተው በማሽላው ማሳ መሐል ትንሽ ይነዱና ይመለሳሉ። የክፍል ጓደኛዋ ያስሚን መንገድ ላይ ካየቻቸው «ረዳት! ሒሳብ ሰብስቢ እንጂ!» እያለች ታበሽቃታለች።

አባባ በወጣትነታቸው የአንድ የጥጥ እርሻ ባለቤት ሾፌር ነበሩ። ሰውየው አገር ለቅቆ ሲሄድ መኪናዋን ለእሳቸው ተወላቸው። ደርግ ሲመጣ በሸራ ተሸፍና ከሽንኩርት ጆንያ ኋላ ተደበቀች። ያን ሁሉ ዘመን የወንበሯን ቆዳ ቅባት እየቀቡ፣ ኒኬሏን በአሮጌ ሻሽ እየወለወሉ አቆዩዋት። ሚሌኒየሙ ካለፈ ወዲህ ከተማውን ባጃጅ ሞላው፤ ጃጓሯ ስታልፍ ግን የባጃጅ ሾፌሮቹ ራሳቸው ቆመው ያያሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ታዲያ የፌቨን ሥራ በዝቷል። ማለፊያውን ብቻ አይደለም የምትናገረው፤ አህያውንም፣ ጉድጓዱንም፣ ግመሉንም መጥራት ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ አባባ የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ሰው መስሏቸው ክላክስ አደረጉለት። እሷ ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ። ቤት ስትገባ ግን ትራሷን አቅፋ አለቀሰች።

እናቷ ፈለቀች ቁርስ ቤት አላት፤ ከጭስና ከደንበኛ መሐል ወጥታ ሰው የምታይበት ጊዜ የላትም። አንድ ቀን ግን ድስቱን አስቀምጣ «አንቺ፣ የአባዬ ዓይን ደህና ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ደህና ነው እማዬ። ምን ይሆናል?»

ዋሸች። እውነቱን ብትናገር እናቷ ቁልፉን ያንኑ ቀን ትወስደዋለች። አባባ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ተክዘው ቆይተው የሚፈኩት ቅዳሜ ብቻ ነው። ያንን ከእሳቸው የሚወስድ አንጀት አልነበራትም።

ከዚያ አባባ ማንንም ሳያማክሩ በጃጓሯ መስታወት ላይ «የሚሸጥ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ሰፈሩ ጉድ አለ። ገዢ ግን በቀላሉ አልተገኘላትም። አንዱ ኮፈኗ ላይ ተደግፎ ስላወራ ተባረረ። ሌላው ቀለሟን ነጭ አድርጌ ለሙሽራ አከራያታለሁ ሲል ምሳውን ሳይጨርስ ተሸኘ።

አቶ አብዱልሃዲ ከአዲስ አበባ የመጡት በገበያ ቀን ነበር። ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። መኪናዋን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለመታጠብ ውኃ ጠየቁ። አባባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«በል ግባ ልጄ» አሏቸው። «ቆማ አይደለም የምትታወቀው። እኔ ራሴ ወስጄ አሳይሃለሁ።»

ፌቨን ሮጣ የግራውን በር ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ እንግዳ እያለ?» አለች ፈለቀች። «ወደ ኋላ ሁኚ እንጂ!»

«ግድ የለም፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» አሉ አቶ አብዱልሃዲ።

«በእኔ መኪና እንግዳ ከኋላ አይቀመጥም» አሉ አባባ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ፌቨን ለሕፃን እንጂ ለሰው ባልተሠራው የኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። የአቶ አብዱልሃዲ ትከሻ መንገዱን ሁሉ ጋረደባት። እሳቸው ደግሞ ምን አይተው ምን መናገር እንዳለባቸው አያውቁም። ፈለቀች የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ውጭ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከገበያ የሚመለሰው ሰው ይተራመሳል። አንዲት ሴት ልጇን አዝላ በበሩ ፊት አለፈች። አባባ ሞተሩን አስነሥተው ወደዚያው ፈገግ ብለው ያያሉ፤ ሴትዮዋን ግን አላዩአትም።

«አባባ፣ አይንዱ» አለች ፌቨን። ድምፅዋ ቀጠነ።

«ምን አልሽ?»

«አይንዱ። አይታይዎትም።» ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። አባባ አይታያቸውም። መንገዱን የምነግራቸው እኔ ነኝ።»

አቶ አብዱልሃዲ ጉልበታቸውን አዩ። አባባ መሪውን እንደጨበጡ ቆዩ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ።

«ንዳትና እይ ልጄ፣ ቁልፉ እዚያው ላይ ነው» አሉ። «ፈለቀች፣ አንቺ ከጎኑ ሁኚ። መኪና ማለፍ ሲፈልግ አይተሽ ንገሪው።»

ፈለቀች ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ገባች። ጃጓሯ ወጣች። አባባ ፌቨንን ሳያናግሩ በእጃቸው እየዳበሱ ማንጎው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ፌቨን የግቢውን በር ዘጋች። እንግዳ ፊት አዋርዳቸዋለች፤ ከእንግዲህ እንደማያናግሯት እርግጠኛ ነበረች። ወደ ክፍሏ መሮጥ አማራት። ግን ሄዳ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠች።

«ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅሽው?» አሉ አባባ።

«ከጥምቀት።»

«እኔ ከመስቀል ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይነዳሉ?» ፌቨን ተናደደች፤ መናደዷ ራሷንም አስገረማት።

«ቅዳሜ ሲሆን ገና በጠዋት ተጣጥበሽ መኪናዋ አጠገብ ትቆሚያለሽ። ምን ብዬ ልከልክልሽ?»

«እኔ እኮ እርስዎን ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው!»

አባባ ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «ለእኔ ብለሽ?»

«ታዲያ ለማን ብዬ?»

«ሁለት ሞኞች» አሉ አባባ፤ ሳቅ ጀምሯቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «ሰው ብገድልስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ወረቀቱን የለጠፍኩት ለዚያ ነው። አይታየኝም የምትለዋ ቃል ግን ከአፌ አልወጣ አለችኝ።»

«ተቀይመውኛል?»

«አዎ» አሉ። «ትንሽ። ያልፋል።»

ከሩቅ የጃጓሯ ድምፅ መጣ። አባባ ዘንበል ብለው አዳመጡ። «ስሚው፣ ማርሹን አያንገጫግጭም። ለእሱ ነው የምሰጠው» አሉ። ፌቨን አልተከራከረችም። ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ ከጥምቀት ጀምሮ ልትጠይቃቸው ስትፈራ የቆየችው።

«አባባ፣ የእኔስ ፊት ይታይዎታል?»

ትናንት ቢሆን «እንዴታ!» ይሏት ነበር። አሁን ግን ዓይናቸውን አጥብበው ወደ እሷ አዩ።

«ከዚያ ሆነሽ አይታየኝም» አሉ። «ጠጋ በይ እስቲ።»

ጠጋች። እጃቸውን አገጯ ላይ አድርገው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩት። በዚህ መሐል በሩ ላይ ክላክስ ጮኸ፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ።

«ክፈቺላቸው እንጂ» አሉ አባባ።

«ትንሽ ይጠብቁ» አለች ፌቨን፣ ፊቷን ሳታነቃንቅ።