ጥላ ያልጣለው እጅ

ስለ ዛርና ስለ ቡዳ ሲወራ ከሁሉ በፊት የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ሰው ጅብ ሲጮህ ሰምቶ ሲያማትብ እንኳ «ጅብ እኮ ነው» ብዬ ተገላብጬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀጥሎ ያለውን ሰምተህ «ይሄ ሰውዬ ደግሞ ጀመረው» እንዳትለኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ቡሬ ሳይንስ ሳስተምር ነው። የኔ ሱስ ፀሐይን ፎቶ ማንሳት ነበር፣ አትሳቅ፣ ፊልሙን ከፍኖተ ሰላም እያስመጣሁ፣ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ አሮጌ መነጽር በመስኮቴ ቀዳዳ ሰክቼ፣ ቤቱን አጨልሜ፣ የፀሐይዋ መልክ ሳህን አክሎ ነጭ ወረቀት ላይ ሲወርድ እሱን በካሜራዬ አነሳለሁ። እመነኝ፣ ፊቷ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ነጥቦች ያየ፣ ጠርዟ በገዛ አየሯ ደብዘዝ ማለቱን ያየ ሰው ሌላ ነገር አያምረውም።

ጎረቤቴ አለቃ ጥሩነህ ደግሞ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ ለደብሩ የሚናገሩ ሊቅ ነበሩ፣ ሰዓት ያሰረው ሁሉ በሳቸው ነበር የሚያስተካክለው፣ እንዴት እንደማደንቃቸው! ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው፣ በዚያ ዓመት ፍልሰታ ሲገባ ጥላቸው ጠፋባቸው።

«ልጄ» አሉኝ በሬ ላይ ቆመው፣ «ዕድሜ ልኬን ጥላዋን ስለካ ኖርሁ፣ ፊቷን ሳላይ ልጨልም ነው?»

«መስከረም ይጥባ አለቃ፣ ሰማዩ ይጥራ።»

«ዓይኔ መስከረምን አይጠብቅማ።»

ምን ልበል? በማግስቱ ደመናው ሳሳ ሲል ጠርቼ ወረቀቱ ፊት አስቀመጥኳቸው፣ ፀሐይዋ ብልጭ ብላ ወረደችበት፣ እሳቸው ግን አንገታቸውን ቢያሰግጉ ምንም አልታያቸውም፣ ወዲያው ደመናው ተዘጋና ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። መነጽሩን ነቅዬ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፍኩት።

ያን ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ጠፋ፣ አባራ አላልኩህም፣ ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ አያለሁ፣ ድምፁ ግን የለም። በምትኩ ቅቤ ሲነጠር የሚሰማው ዓይነት ቀስ ያለ ድምፅ ከወረቀቱ በኩል መጣ፣ ዞር ስል ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ናት፣ ጠርዟ ላይ ደግሞ ሙሉ ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ይታያል ተብሎ ያነበብኩት ነበልባል እንደ ጠጉር ቀጥኖ ይነሳል፣ ይወድቃል። ከውበቷ የተነሳ መፍራቱን ረሳሁት።

«ተመስገን!» አሉ አለቃ። «ይችን ጥቁር ነጥብ አየሃት?» ብለው ጣታቸውን ነጥቧ ላይ አሳረፉ፣ ሳይዳብሱ፣ በቀጥታ። ካሜራውን ተጫንኩት፣ ቀጭ ሲል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ተመለሰ፣ ፀሐይዋም የለችም።

ፊልሙን ሳጥበው ሁሉም አለ፣ ነጥቡም፣ ነበልባሉም፣ የአለቃም እጅ። ልብ ብዬ ሳየው ግን ወረቀቱን የወጠርኩባቸው ትናንሽ ምስማሮች ሁሉ ጥላቸውን ጥለዋል፣ የአለቃ እጅ ብቻ ጥላ የለውም።

ነገርኳቸው። ዓይናቸው ያኔ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ፈገግ ብለው፣

«ጥላ ካልነበረኝ እንግዲያ ሰዓቱ ስንት ነበር ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ ስወጣ፣ አትፍረድብኝ፣ መጀመሪያ የማየው መሬቱን ነው።