«ካንቺ አይበልጥም» ያለችኝ ሴት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ሳቄ የሚመጣ ሰው ነኝ፣ ጋኔን ነው ጥላ ነው ሲሉኝ «ሆዳችሁን ሞልታችሁ ስለተኛችሁ ነው» እያልኩ መቱ ላይ የስንቱን አፍ ያዘጋሁ ልብስ ሰፊ፣ ይኸው ዛሬ የራሴን ለመናገር ምላሴ ይተሳሰራል።

ባለፈው ክረምት የሰፋሁትን ልብስ ኡካ ከተማ አድርሼ ስመለስ ሚኒባሱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮት አይከፈት፣ እንዲሁ ታፍነን ተቀመጥን። አጠገቤ ነጠላ የተከናነበች ሴት ነበረች፣ ጣቷ ላይ ሮዝ ድንጋይ ያለበት የብር ቀለበት አድርጋለች። እንዴት ልንገራችሁ፣ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ አይደለም፣ ውስጡ አይታይም፣ እንደ ሕፃን ድድ ድፍን ያለ ሮዝ ሆኖ ቀጫጭን ጥቁር ጅማት አልፎበታል፣ ግን ዓይን አይለቅም። «ሲያምር» አልኳት። «ካንቺ አይበልጥም» አለችኝ፣ ይህን እንግዲህ ሁላችንም ለወጉ እንላለን፣ የምሩን የሚሰጥ የለም፣ እሷ ግን አውልቃ ጣቴ ላይ አጠለቀችው። ድንጋዩ በዚያ ወበቅ እንደ ወንዝ ጠጠር ይቀዘቅዛል። «ኧረ ተይ» ስላት በሩን አስከፍታ ወረደች፣ ቤት የሚባል በሌለበት፣ ጫካ መሀል። ስትወርድ «ገለቶሚ» አለችኝ። ሰጪዋ እሷ ሆና እኔን ታመሰግናለች?

ቤት ስገባ አልወልቅ አለ። ሳሙናው፣ ቅቤው፣ ክሩ፣ ያልሞከርኩት የለም፣ ጭራሽ ጣቴ አበጠ። ሥራ ላይ ስቀመጥ ደግሞ አንድ ነገር በጥፍር የሚቧጭር ይመስል ቅርር ቅርር ይላል፣ የስፌት መኪናዬ ነው ብዬ ዘይት አጠጣሁት፣ አቁሜው ባዳምጥ ድምፁ ከድንጋዩ ውስጥ ነው።

ወርቅ ሠሪው ጋሼ ታደለ ዘንድ ሄድኩ። በባትሪ አበሩበት፣ «ብርሃን አያሳልፍም» አሉ፣ «እንዲህ ያለው ሲለሰልስ ይወደዳል፣ ልብ ያረጋጋል እያሉ የሚፈልጉት አሉ።» ቀለበቱን ሊቆርጡ ሲሞክሩ መጋዛቸው ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ላባቸውን ጠርገው «ቢሆንም ያምራል» ሲሉ ቀለበቱ ላላ፣ እመኑኝ፣ በራሱ ጊዜ ወደ ጥፍሬ ተንሸራተተ። ደስ ብሎኝ «ከእርስዎ አይ…» ብዬ ስጀምር የሴትዮዋ ምስጋና ትዝ አለኝና ነገሩ ገባኝ፣ ቃሉን ከጨረስኩ ከእኔ ወጥቶ እሳቸው ላይ ይታሰራል። አፌን በእጄ ያዝኩ። ቀለበቱ ተመልሶ እስከ አጥንቴ ጠበቀ፣ ጋሼ «ምን ሆንሽ ልጄ?» ሲሉኝ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያየው ሁሉ ያምራል ይለኛል፣ እኔ ዝም፣ ሰፈሩ «ኮራች» ብሎኛል፣ ይበል። የልጄ የሜሮን ግን ከበደኝ። አሥር ዓመቷ ነው፣ «እማዬ ያምራል፣ አድርጌ ልየው» እያለች ለመነችኝ፣ ዝም ስላት «ለእኔም ትሰስቺያለሽ?» ብላ አለቀሰች። አሁን ጣቴ ጠቁሯል፣ ሐኪሙ ይቆረጥ ብሎ ለሰኞ ቀጥሮኛል። መቀስ የምይዝበት ጣት ነው፣ እንጀራችን ነው፣ ቢሆንም ይሁን ብያለሁ፣ ለሰው ከማስተላልፈው ከእኔ ጋር ይለቅ።

ዛሬ ምሳ ላይ ጣቴ ሊቆረጥ መሆኑን ለሜሮን ነገርኳት። አላለቀሰችም። ጣቴን ትንሽ አየት አደረገችና «እና ከተቆረጠ በኋላ» አለችኝ፣ «ቀለበቱ የእኔ ነው፣ አይደል?»

ዝም አልኳት። ቀለበቱ ግን ቃሌን ሳይጠብቅ ላላ።